በሬዎቹ ቆላ የወረዱበት በልግ

ከሮቤ እስከ ጎሮ፣ ከጎባ እስከ ዲንሾ የቆመ ወፍጮ ሁሉ የእኔን እጅ ያውቃል። ማጋነን እንዳይመስላችሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ብዋሽ አላህም ሰውም ይታዘበኛል። በደርግ ጊዜ ሞተር የታመመበት ባለ ወፍጮ መጀመሪያ ወደ ፈጣሪው፣ ቀጥሎ ወደ እኔ ነበር የሚጮኸው። ቅደም ተከተሉን የሚያዛቡም ነበሩ፤ አስተግፊሩላህ። ፈረስ ይላክልኛል፣ የጭነት መኪና ጋቢና ይያዝልኛል። አንዴ እንዲያውም አንድ የጎሮ ነጋዴ በበቅሎ ሊወስደኝ መጥቶ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን። ካፖርቱን አወለቀና ያለበሰው እኔን ሳይሆን የመፍቻ ሳጥኔን ነው። አልተቀየምኩም። ሳጥኑ የኔ ነው።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከዘይት ጣሳና ከዱቄት ጆንያ ላይ ነው። ቁጥር ያስተማረኝ መፍቻ ነው፤ ስለዚህ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ሰባትና አሥራ ዘጠኝን ካወቅኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው በመካከላቸው ሌሎች ቁጥሮች እንዳሉ የሰማሁት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጥቶ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ «ሀ» ብሎ ሲጽፍ፣ እኔ እስከ «ፐ» በቃሌ ጨርሼ የክፍሉን በር ማጠፊያ እያጠበቅኩ ነበር። ይህንንም የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። የፊደል ግድፈት ካለ የልጅ ልጄ ታርመው፤ ሐሳቡን ግን እንዳትነካብኝ ነግሬያታለሁ።

እንግዲህ ማን እንደሆንኩ ካወቃችሁ ወደ ትራክተሩ ልግባ።

ከአብዮቱ በፊት፣ ከሮቤ ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከመንደራችን አጠገብ፣ ሰፊ መሬት ይዞ በትራክተር የሚያሳርስ አንድ ሰው ነበር። እኔ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነኝ፤ ሥራዬ ትራክተሮቹን ማጠብ ነው። ሹፌሩ መቀመጫው ላይ እንድወጣ አይፈቅድልኝም። «ያንተ ቦታ ከታች ነው» ይለኛል። ከታች ተኝቼ ሆዳቸውን ስጠርግ የቱ ከየት ጋር እንደታሰረ ሁሉ አጠናሁ። ያ ሹፌር ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ካለ ዕድሜ ይስጠው፤ ከሞተም አላህ ይማረው። ላይ አውጥቶኝ ቢሆን ኖሮ መንዳት ብቻ ተምሬ እቀር ነበር።

የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ሰውየው አገር ለቆ ሄደ። ደህና ደህናዎቹን ትራክተሮች የመንግሥት እርሻ ወሰዳቸው። ከሁሉም አሮጌ የሆነው፣ የጣሊያን ሥሪቱ፣ ከአዋጁም በፊት ተበላሽቶ የቆመ ስለነበር ፈላጊ አላገኘም። ከነማረሻው ጥድ ሥር ቀረ። ባትሪውንና የማስነሻ ሞተሩን አንድ ባለ እጅ ፈትቶ ወሰዳቸው። መቀመጫው ላይ ዶሮ እንቁላል ትጥል ጀመር፤ ጭስ ማውጫው ውስጥ ንብ ገባ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። አዝንለት ነበር ብል አይበዛም።

የእኛ አገር ከብት በበጋ ቆላ ይወርዳል። ደጋው ላይ ሣር ሲያልቅ ላሙም ጥጃውም ከጎሮ ወዲያ ወዳለው ቆላ ይነዳና በልጉ ዘንቦ ሣሩ ሲያቆጠቁጥ ይመለሳል። የእርሻ በሬ ግን አይሄድም። የበልግ እርሻ አለበትና ገለባውን እያኘከ ዝናብ ይጠብቃል። በዚያ ዓመት ግን ያለፈው ዝናብ ከድቶን ስለነበር ገለባውም አለቀ። ጥር ላይ የበሬዎቹ ጎድን ከሩቅ ይቆጠር ጀመር።

የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። ጭንቁ ግልጽ ነው፤ በሬዎቹ ከቀሩ ያልቃሉ፣ ከወረዱ የሚያርስ የለም። ሰው ሁሉ እጁን አገጩ ሥር አድርጎ ሲያስብ እኔ ብድግ አልኩ።

«በሬዎቹ ይውረዱ።»

«ማን ሊያርስ?» አለ ሊቀ መንበሩ። አብሮ አደጌ ነው። በደህናው ጊዜ በስሜ ይጠራኛል፤ ሲቆጣ ብቻ «ጓድ» ይለኛል።

«እኔ።»

«ቀንበሩን በግራ ነው በቀኝ የምትገባው?»

ሰው ሳቀ። እኔ ግን ሳቅ አያስቆመኝም። «ጥድ ሥር ያለውን ትራክተር አስነሳዋለሁ። የማኅበሩንም የየሰዉንም ማሳ ዝናቡ ሳይጠና አርሼ እጨርሳለሁ» አልኩ።

«እሱ እኮ ሬሳ ነው፣ ጓድ!»

«ወፍጮውም ሬሳ ነበር። ሚስትህ ዛሬ የምታስፈጭበትን ሞተር ማን ያስነሳው ይመስልሃል?»

ከፊት የተቀመጡት የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ቀስ ብለው ተናገሩ። «ልጄ፣ ምላስህ ቢጠመድ ኖሮ የሁላችንንም መሬት ብቻውን ባረሰ ነበር። ለመሆኑ ብረቱ እምቢ ቢልህስ?»

«ወላሂ አስነሳዋለሁ!»

ከወላሂ በኋላ የሚጨመር ቃል የለም። በሬዎቹ እንዲወርዱ ተወሰነ። ከመውረዳቸው በፊት የመጨረሻ ሥራቸው ትራክተሩን ከጥዱ ሥር ጎትቶ እኔ ደጅ ማድረስ ሆነ። ስምንት ጥማድ በሬ በጠፍር ምራን አቀጣጥለን ጠመድን። የኋላ ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀው ነበር እንጂ ሲለጠፉ ነፋስ ያዙ፤ የፊቶቹን አሮጌ ጆንያ ጠቅጥቄ ሞላኋቸው። እነዚያ አጥንታቸው የወጣ በሬዎች ያን ሁሉ ብረት እየጎተቱ ኮረብታዋን ሲወጡ ማየት የሚያስለቅስ ነበር። ቤቴ ከኮረብታዋ አናት ላይ ነው።

በማግስቱ በሬዎቹ ላሞቹን ተከትለው ወደ ጎሮ አቅጣጫ ሲወርዱ ከደጄ ቆሜ አየኋቸው። አቧራው ሲረጋ መንደሩ ውስጥ አንድም የሚያገሳ ነገር አልቀረም። ያን ጊዜ ነው ስብሰባው ላይ ምን እንደተናገርኩ በደንብ የገባኝ።

ልጄ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጎባ ዘመድ ቤት ተቀምጣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ማትሪኩ በጥቂት ነጥብ አምልጧት ቤት ከገባች መንፈቅ አልፏል። እናቷ ባል ታስባለች። እሷ ማንንም አታናግርም፤ ውሃ ትቀዳለች፣ ባዶውን በረት ትጠርጋለች፣ ትቀመጣለች። እኔም ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። ስለ ወፍጮ ቢሆን እመክራለሁ፤ ስለ ማትሪክ ምን አውቄ? ትራክተሩ ደጃችን በቆመ ቀን ግን ሁለት ጊዜ ዞረችውና መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ ብቻዎን ሊፈቱት ነው?»

«ብቻዬን ያልፈታሁት ምን አለ?»

«ሲገጥሙት ብሎን ቢተርፍዎትስ?»

«ለእኔ ተርፎኝ አያውቅም።»

«ከጎባው ወፍጮ ሁለት ተርፎ ኪስዎ ውስጥ እናቴ አግኝታለች።»

ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ሁለት ብሎኖች ከመጀመሪያውም አያስፈልጉም ነበር። ለማንኛውም ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የምፈታውን እሷ ትቀበለኛለች። በናፍጣ ታጥባለች፣ በተፈታበት ተራ ጆንያ ላይ ትደረድራለች፣ ከትምህርት ቤት በተረፈ ደብተሯ ላይ ደግሞ ትስለዋለች። «ለምን ትስያለሽ? እኔ ራሴ ውስጥ ተስሎ የለም እንዴ?» አልኳት። «የእርስዎን ራስ ማየት አልችልም» አለችኝ።

ንቦቹን ማለዳ፣ በደጋው ብርድ ፈዘው ሳሉ፣ ወደ ቀፎ አዛወርናቸው። ፒስቶኖቹ ከሲሊንደሩ ጋር ዝገው ተጣብቀው ነበር። ነጭ ጋዝ እያጠጣን፣ በየቀኑ በወይራ ቁራጭ ቀስ እያደረግን ስንመታ በዘጠነኛው ቀን የመጀመሪያው ንቅል አለ። ልጄ እልል አለች። ቤት ከገባች ወዲህ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስታሰማ ያን ቀን የመጀመሪያ ነው። እናቷ ከጓሮ ሮጣ ወጥታ፣ «ምን ተፈጠረ? ማን መጣ?» አለች። «ፒስቶን መጣ» አልኳት።

ከሁሉ ያስቸገረን የቬንትሌተሩ ቺንጊያ ነው፤ ያ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ማራገቢያ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ። ሮቤም ጎባም ፈልጌ አጣሁ። እኔ ግን የሚያቅተኝ ነገር የለምና፣ ገበሬ ምራን እንደሚሠራው ከበሬ ቆዳ ጠፍር ቆርጬ፣ እንዲለሰልስ ሞራ አሽቼ፣ በመዘውሩ ልክ ሰፋሁት። ሲያዩት ያምራል። እንዲደርቅ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት ስነሳ የሰፈሩ ውሾች በልተውት ጫፏ ብቻ ቀርታለች።

ውሾቹን ስረግም ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠችኝና፣ «ቋንጣ ሰቅለህላቸው ነው እነሱን የምትሰድበው?» አለች።

ያወጣን ሮቤ ገበያ ላይ ከመኪና ጎማ በረባሶ የሚሠራ ሰውዬ ነው። ልጄ ናት እሱን ያሰበችው። ሰውየው ትራክተር በቅርብ አይቶ አያውቅም፤ ግን ስፋቱን ከቆዳው ጫፍ፣ ርዝመቱን ከወሰድንለት ሲባጎ ለካ፣ ጎማውን በስለት ሸርሽሮ አቀጠነ፣ ጫፍና ጫፉን በሽቦ ሰፋ። «ይህ ቢበጠስ እኔ ራሴ መጥቼ በእጄ አዞርልሃለሁ» አለኝ። አልተበጠሰም። አላህ ይስጠው።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ሁሉ ነገር ተገጠመ። ብሎንም አልተረፈም፤ ደብተሩ ምስክር ነው። የናፍጣውን ፖምፓ ምልክት በምልክት የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሊቀ መንበሩ ከወረዳ በኮታ ያስመጣውን ናፍጣ ሞላን። ማስነሻ ስለሌለ የሚነሳበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከኮረብታዋ አናት ቁልቁል መልቀቅና ሲንከባለል ማርሽ ማስገባት። መንደሩ ሁሉ ወጣ። እኔ መሪው ላይ፣ ልጄ ከጎኔ የኋላ ጎማው መከላከያ ላይ ሆነን ለቀቅነው። ማርሽ አስገባሁ። ነጭ ጭስ ወጣ፣ ቡፍ ቡፍ አለ፣ ሜዳው ላይ ደርሶ ቆመ። ጸጥ።

አሁን ወደ ላይ መመለስ አለበት። በሬ ደግሞ የለም።

ሰው ገመድ ያዘ። ወንድ ሴት ሳይል እየተጋገዘ እስከ አናቱ ጎተተው። የስድስት ሰዓት ፀሐይ ነው። እንደገና ለቀቅነው፤ እንደገና ነጭ ጭስ፤ እንደገና ጸጥ። በማግስቱ፣ በሁለተኛው ጉተታ ላይ አንዱ፣ «በሬውን አስወርደህ እኛን በሬ ልታደርገን ነው እንዴ?» አለኝ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ባሏ ሲያለከልክ አየችና፣ «ካረስክበት ሣሩንም ስጠው እንጂ!» ብላ ጮኸች። ሦስተኛው ቀን፣ ሦስተኛው ጉተታ፣ አራተኛው ጭስ። ከዚያ በኋላ ገመዱን የሚያነሳ ጠፋ።

እኔም ምክንያት አላጣሁም። መጀመሪያ ናፍጣው ውሃ አለበት አልኩ። ቀጥሎ አየሩ ይቀጥናል አልኩ። ከዚያም ቁልቁለቱ አጭር ነው አልኩ፤ ኮረብታዋን ማስረዘም ስለማይቻል እዚያ ላይ ቆምኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሊቀ መንበሩ መጣ። ከሜዳው ላይ፣ ከቆመው ትራክተር አጠገብ አገኘኝ። ከተራራው በኩል ደመና መጥቶ ተቀምጧል።

«ጓድ፣» አለኝ፣ «ወረዳው ምን ዘራችሁ ብሎ ሲጠይቀኝ ጭስ ዘራን ልበል?»

መፍቻዬን በጨርቅ ጠረግኩ።

«ነገ ከጁምዓ መልስ ሁለት ሰው ቆላ ይሄዳል። በሬዎቹን መልሰው ያምጡ።»

«ደርሰው እስኪመለሱ ከሳምንት በላይ ነው። ሣር ቀምሰው ሳይጠግቡ ዳገቱን ከወጡ ደግሞ መንገድ ላይ ይቀራሉ።»

«አውቃለሁ» አለ። ቁጣው ወርዶ ነበር፤ ያ ከቁጣው ይብስ ነበር። «ሌላ ያለህ ነገር ካለ ንገረኝ።»

የአንድ መንደር ሙሉ የበልግ ገብስ እኔ ወላሂ ባልኩት ላይ ተንጠልጥሏል። ዝናቡ መጥቶ ሳይታረስ ካለፈ በየቤቱ የሚበላው እስከ ሰኔ አይደርስም፤ እንደ ክፉ ዓመቱ ሁሉ ከጎሮ ነጋዴ እህል መበደር ነው። ሊቀ መንበሩ ሲሄድ ትራክተሩ ጎማ ላይ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ልጄ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ደብተሯን ይዛለች።

«አባባ፣ አይቆጡ።»

«ተናገሪ።»

«ይቆጣሉ።»

«አልቆጣም አልኩሽ እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«የእኛ ወፍጮዎች መዘውራቸው ወደየት ነው የሚዞረው?»

«ወደ ግራ። ሁሉም ወደ ግራ። ሕፃን ያውቀዋል።»

«መከላከያው ላይ ሆኜ ስንወርድ ልብ ብዬ አየሁት። የዚህ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። እርስዎ ደግሞ የፖምፓውን ምልክት እንደ ወፍጮ ነው የገጠሙት።»

ተነሳሁ። ከእኔ በላይ ሞተር ልታውቅ ነው ወይ የሚል ነገር ምላሴ ላይ ነበር። «ማነው ሞተር ያስተማረሽ?» አልኳት።

«እርስዎ።»

ማርሽ አስገባንና ሁለታችን ተጋግዘን ትራክተሩን አንድ ስንዝር ወደ ፊት ገፋነው። ዓይኔን መዘውሩ ላይ ተክያለሁ። ወደ ቀኝ ዞረ። እንደገና ገፋነው። ወደ ቀኝ።

ነገሩ ይኸው ነው፦ በናፍጣ ሞተር ውስጥ ናፍጣው መረጨት ያለበት ፒስቶኑ ሽቅብ ወጥቶ ጫፍ ሊደርስ ሲል ነው። እኔ አዟዟሩን ገልብጬ ስለገጠምኩት ፒስቶኑ ጫፍ ደርሶ መውረድ ከጀመረ በኋላ ነበር የሚረጨው። ለሄደ እንግዳ ምሳ ማቅረብ ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ግራ የሚዞር ሞተር ሳክም ኖሬ እጄ ሳይጠይቀኝ የለመደውን አደረገ። ከታች ተኝቼ ሳጥበው በኖርኩት ትራክተር ላይ፣ ሞተሩ ቆሞ ብቻ ስለማየው፣ ወደየት እንደሚዞር አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁም ነበር።

«አንቺ ግጠሚው» አልኳት። መፍቻውን ሰጠኋት። እሷ ደብተሯን እያየች ፈታች፣ አዞረች፣ ገጠመች። እኔ ፊቴን አዙሬ ደመናውን አየሁ። እጇ ላይ ስህተት ብፈልግም አላገኝም ነበር፤ አልፈለግኩምም።

በማግስቱ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሰው ከመስጊድ ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ወደ ቆላ የሚሄዱት ሁለት ሰዎች ስንቃቸውን በትከሻቸው አንግተዋል። ትራክተሩ ከሜዳው ሽቅብ ካልተጎተተ የልጄ ሥራ መቼም አይታወቅም፤ እንዲጎትቱ ደግሞ የምላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከጉሮሮዬ እስኪወጣ ድረስ ከፒስቶኑ ይልቅ አስቸገረኝ።

«ወንድሞቼ፣ ሦስት ጊዜ ያስጎተትኳችሁ በናፍጣውም በአየሩም አይደለም። እኔ ተሳስቼ ነው።»

ሊቀ መንበሩ ጆሮውን አዘነበለ። «ምን አልክ? አልሰማሁም።»

«ተሳስቼ ነበር አልኩ!»

«እስቲ አንዴ ድገመው፤ ከኋላ ያሉት አልደረሳቸውም።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ዱላቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። «ስህተቱን ማን አገኘው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ።»

«የማትሪኳ?»

«አዎ፣ እሷው።»

«እንግዲያ ዛሬ የምንጎትተው ለእሷ ነው። አላህ ይርዳት። ተነሱ!»

ጎተቱት። ሽማግሌው ራሳቸው የገመዱን ጫፍ ያዙ፤ ቢያንስ ያዙ። አናቱ ላይ ስንደርስ ልጄን መሪው ላይ አስቀመጥኳትና እኔ መከላከያው ላይ ወጣሁ። «ስልሽ ፍሪሲዮኑን ልቀቂ» አልኳት። ለቀቀችው፤ እኔ ገና ሳልላት። ትራክተሩ አንድ ጊዜ ተንዘፈዘፈ። ጥቁር ጭስ ተፋ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ፤ ያ ድምፅ ሰፈሩን ሞላው፣ ወፎቹ ከጥዱ ተነስተው በረሩ። ሴቶቹ እልልታቸውን ለቀቁት። ልጄ ሜዳው ላይ ዞራ ስትመለስ ፊቷ በእንባና በጥቀርሻ ተዥጎርጉሯል። የቆላ ተጓዦቹ ስንቃቸውን እዚያው ፈትተው ለሰው አካፈሉት።

እርሻው በማን እንደሚጀመር ሽማግሌዎች ተነጋገሩ። በእኛ አገር በሬ የሌለው ሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው፤ የሰው በሬ እስኪያርፍ ይጠብቃል፤ ዝናቡም ዘሩም ያልፈዋል። በዚያ ዓመት ግን ሁሉም በሬ የለውም። ስለዚህ ሽማግሌው፣ «ሁልጊዜ ከሚጠብቁት ይጀመር» አሉ። የመጀመሪያው ማሳ የአንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ሆነ። ሦስቱ የማረሻ ዲስኮች ጥቁሩን አፈር ሲገለብጡት አሮጊቷ ከኋላ በእግራቸው ተከተሉ፤ አፈሩን እየዘገኑ ያያሉ። ጨርሰን ስንወጣ የልጄን ጥቁር እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ገላቶሚ፣ ገላቶሚ» እያሉ አመሰገኗት። አንድ ሰውዬ አጥር ላይ ሆኖ፣ «ሴት ያረሰችው ገብስ ይበቅል ይሆን?» ቢል፣ አሮጊቷ ዞረው፣ «አንተን ማን ወለደህ? አልበቀልክም?» አሉት። ከዚያ በኋላ ይህን የጠየቀ የለም።

ከማለዳ ሰላት እስከ መግሪብ እየተፈራረቅን አረስን። ሞተሩን ቀን አናጠፋውም፤ ምሳ ስንበላም እንደተነሳ ይጠብቀናል። ማታ ማታ ኮረብታዋ አናት ላይ እናሳድረዋለን፤ ጠዋት በራሱ ተንከባሎ ይነሳል። አንድ ጊዜ ብቻ እርሻ መካከል ጠፍቶ ሰው አስጎትቷል። የጠፋው በእኔ እጅ ነው። ልጄ አንድም ጊዜ አላጠፋችውም። ስታርስ ድንበር ላይ ቆሜ ትልሟን አያለሁ፤ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው። ማታ እራት ላይ ታወራለች። እናቷና እኔ እርስ በርስ እየተያየን እንሰማታለን። ስለ ባል የተነሳ ነገር አልነበረም፤ ወሬው ስለ ትልም ነው። አልሐምዱሊላህ።

ዝናቡ የጠናው የመጨረሻውን ማሳ ባረስን በሦስተኛው ቀን ነው። ዘሩ መሬት ውስጥ ነበር።

ከዚያ በልግ የቻልኩትን ልቁጠርና ላብቃ።

ለዓመታት የሞተ ትራክተር አስነስቻለሁ።

የንብ መንጋ አንዲትም ሳልገድል ከጭስ ማውጫ ውስጥ አዛውሬያለሁ፤ አምስት ቦታ ተነድፌያለሁ። ኋላም ከቀፎው ማር ቆርጠናል።

የጣሊያን ሞተር በበረባሶ ጎማ አቀዝቅዣለሁ። ይህን ያደረገ ሌላ ሰው ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

በሕዝብ ፊት፣ በመስጊድ ደጃፍ፣ ተሳስቻለሁ ብያለሁ። ሁለት ጊዜ፤ ሦስተኛውን ሽማግሌው አዳኑኝ።

ልጄን ትራክተር ነጂ አድርጌያለሁ። ኋላ መንጃ ፈቃዷን ጎባ አወጣች፤ ደሞዝተኛ ሆና እስክታገባም እስክትወልድም ነዳች። ጥገናዋም ከእኔ አያንስም። ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ ሰምቻቸዋለሁ፤ አልተከራከርኳቸውም።

የመንደሩን መሬት በሰዓቱ አርሻለሁ። ግማሹን ልጄ ናት ያረሰችው። እሺ፣ ከግማሽ በላይ።

በሬዎቹ በልጉ ሲረጋ ከቆላ ወፍረው፣ ቆዳቸው እያበራ ተመለሱ። አንድም አልጎደለም። ባለቤቶቻቸው ግንባራቸውን ሲዳብሱ ገብሱ ጉልበት ደርሶ ነበር።

በዚያ ዓመት ከመንደራችን እህል ሊበደር ወደ ጎሮ የሄደ ሰው የለም።